ገመዱ የረዘመ ኤሌክትሮን

በጣም የዘገየ ኤሌክትሮን ከሞሌኪዩል ጋር ቢገናኝ ሞሌኪዩሉ ይይዘዋል ወይስ ይለቀዋል? ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም መልሱን ማግኘት ሊቃውንትን አድክሟል። ፈጣን ኤሌክትሮን መወርወር ይቻላል፤ ዘገምተኛውን መምራት ግን ከባድ ነው። በመሣሪያው ግድግዳ ላይ የቀረ ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል እንኳ ከመንገዱ ያስወጣዋል።

መፍትሔው የተገኘው በአቶም ውስጥ ነው። አቶም በመካከሉ ኒውክሊየስ፣ በዙሪያውም ኤሌክትሮን አለው። በሌዘር ብርሃን ጉልበት ሲጨመርለት ኤሌክትሮኑ ወደ ሩቅ ደረጃ ይወጣል። እንዲህ ያለው አቶም በስዊድናዊው ሊቅ በዮሐንስ ሪድበርግ ስም ይጠራል። በሃይድሮጅን አቶም ኤሌክትሮኑ ከ1ኛው ወደ 100ኛው ደረጃ ቢወጣ ርቀቱ 10,000 ጊዜ ይበልጣል፤ አስሮ የያዘው ጉልበትም ከ13.6 ወደ 0.00136 ኤሌክትሮን ቮልት ይወርዳል።

ይህን በዝቋላ ምሳሌ እንመልከተው። በአጭር ገመድ የታሰረች ፍየል ከችካሏ አትርቅም። ገመዱ እጅግ ከረዘመ ግን እንደ ልቧ ትግጣለች፤ በዚያ የሚያልፍ ቀበሮም የሚያገኘው ፍየሏን እንጂ ችካሉን አይደለም። እንደዚሁም ሞሌኪዩል ወደ ሪድበርግ አቶም ሲቀርብ ከሩቁ ኤሌክትሮን ጋር ብቻ እንደ ተገናኘ ይቆጠራል። ኤንሪኮ ፌርሚ እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ተጠቅሟል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ አገር በሂዩስተን ከተማ፣ በራይስ ዩኒቨርሲቲ፣ ስቴቢንግስና ደኒንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የዜኖንን አቶም በዚህ መንገድ አዘጋጅተው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ከሚባል ጋዝ ጋር አጋጩት። ጋዙ ኤሌክትሮኑን ሲነጥቅ ሁለት ነገር ይቀራል፤ ይኸውም አሉታዊ ሙል ያለው ሞሌኪዩልና አዎንታዊ ሙል ያለው አቶም ነው። እነዚህን በመሣሪያ መቍጠር ይቻላል። ደረጃው ከፍ ባለ ቍጥር ኤሌክትሮኑ በአማካይ ስለሚዘገይ፣ ሊቃውንቱ ደረጃውን በመምረጥ ፍጥነቱን ይመርጣሉ።

ጥቅሙስ ምንድን ነው? ይህ ጋዝ ኤሌክትሮን ስለሚነጥቅ በከፍተኛ ቮልቴጅ ማብሪያና ማጥፊያዎች ውስጥ የእሳት ብልጭታን ያጠፋል። ነገር ግን ወደ አየር ሲወጣ በ100 ዓመት ውስጥ ምድርን የማሞቅ ኀይሉ፣ በክብደት እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ20,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ምትኩን የሚፈልጉ ሰዎች አዲሱ ጋዝ ኤሌክትሮንን እንዴት እንደሚይዝ አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። ድርቅ ደጋግሞ ለጎዳን ለዋግ ልጆች የምድር መሞቅ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ስለዚህ የዘገምተኛው ኤሌክትሮን ትምህርት እኛንም ይመለከተናል።