ዝናብን የሚመልስ፣ ላብን የሚያሳልፍ፦ የዓሣ አስጋሪ ጃኬት በየወቅቱ እንዴት ይመረጣል?

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ጎርፍና ፍሳሽ ተሸክመው ወደ ደቡብ ከወረዱ በኋላ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አቅራቢያ ወደ አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገባሉ። የሐይቁ ግድብ ግንባታው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ ሲሆን፣ ከአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱን ያስገኘ ነው። በዚህ ሐይቅ ዳርቻ በሐምሌ ማለዳ መረብ የሚጥል ሰው ከሁለት አቅጣጫ ይረጥባል፤ ከላይ በዝናብ፣ ከውስጥ በራሱ ላብ። ዝናቡን ለመከላከል ላስቲክ ቢደርብ ላቡ ያረጥበዋል፤ ላቡን ለማስወጣት የጥጥ ልብስ ብቻ ቢለብስ ዝናቡ ያረጥበዋል። ውኃን የማያስገባ፣ ነገር ግን «የሚተነፍስ» የሚባለው ጃኬት ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት የተሠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የጃኬቱን አሠራር ከፊዚክስ አንጻር ከተመለከትን በኋላ፣ በአራቱ ወቅቶች የትኛው ልብስ እንደሚበጅ እናያለን።

እርጥበትና የሰውነት ሙቀት

በመጀመሪያ ጉዳዩ የምቾት ብቻ አለመሆኑን በቁጥር እናሳይ። አንድ ግራም ውኃ በቆዳ ሙቀት ላይ ለመትነን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። መረብ ሲጎትት የቆየ ሰው ሸሚዙ 400 ግራም ላብ ወይም ዝናብ ጠጥቷል እንበል። ይህ ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ 960,000 ጁል ይወስዳል። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በአንድ ሰዓት የሚያመነጨው ሙቀት 360,000 ጁል ገደማ ነው። ስለዚህ ሸሚዙ በሰውየው ገላ ላይ ሲደርቅ የሚወስደው ሙቀት፣ ሰውነቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ከሚያመነጨው ጋር ይስተካከላል። ዓሣ ማስገር ደግሞ ጥቂት ደቂቃ የሚያስልብ ሥራና ረጅም ጥበቃ የተፈራረቁበት ስለሆነ አደጋው የሚጀምረው ከሥራው በኋላ፣ ሰውየው ቁጭ ሲል ነው።

ዝናብ ለምን አይገባም?

የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የውኃው ገጽ እንደተወጠረ ቆዳ ይሆናል። ይህን የገጽታ ውጥረት እንለዋለን። ለንጹሕ ውኃ መጠኑ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 72 ሚሊኒውተን በሜትር ያህል ነው። ጠብታው ውኃን በማይወድ ገጽ ላይ ሲያርፍ አይዘረጋም፤ ይድቦለቦላል። በጠብታው ጠርዝና በገጹ መካከል የሚፈጠረው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ሲበልጥ ውኃው ወደ ጠባብ ቀዳዳ በራሱ አይገባም፤ እንዲገባ የሚከተለው ግፊት ያስፈልገዋል፦

ግፊት = 4 × የገጽታ ውጥረት × የማዕዘኑ ኮሳይን (ያለ ምልክት) ÷ የቀዳዳው ወርድ

ማዕዘኑ 110 ዲግሪ ይሁን። ውኃ አባራሪ ቅባት የተቀባ ተራ ጨርቅ ቀዳዳው 100 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ የሚቋቋመው ግፊት አንድ ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ማለትም የ10 ሳንቲ ሜትር ውኃ ክብደት ብቻ ነው። ቀዳዳው አንድ ማይክሮሜትር ሲሆን ግን ግፊቱ መቶ እጥፍ ያድጋል፤ የ10 ሜትር ውኃ ይቋቋማል። በሰከንድ 9 ሜትር የሚወርድ ትልቅ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍ የሚያሳድረው ግፊት 40 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ማለትም የ4 ሜትር ውኃ ያህል ነው። በአቃቂ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ጠብታው ከባሕር ጠለል ላይ ይልቅ ፈጠን ብሎ ይወርዳል። በጃኬት መለያ ላይ «10,000 ሚ.ሜ.» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይህንኑ የውኃ ከፍታ ይገልጻል።

እንዲህ ያለ ስስ ገለፈት ለገበያ የበቃው ሮበርት ጎር በ1969 (እ.ኤ.አ.) ቴፍሎንን በፍጥነት በመለጠጥ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሞሉበት ቁስ ማግኘቱን ተከትሎ ነው። ከዚያ በፊት ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1823 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት፣ በሁለት ጨርቅ መካከል ጎማ የተቀባበት ካፖርት ዝናቡን ቢያግድም ላቡንም አብሮ ያግድ ነበር።

ላብ እንዴት ይወጣል?

የውኃ ተን እንደ ጠብታ የተያያዘ አይደለም፤ ሞለኪውሎቹ ተለያይተው ይጓዛሉና በማይክሮሜትር ቀዳዳ ያልፋሉ። ሆኖም ጃኬቱ ተኑን የሚገፋ ሳንባ የለውም። ተን የሚሰርፀው የተን ግፊቱ ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት ብቻ ነው። የመልእክታችን እምብርትም ይኸው ነው፦ ጃኬቱን የሚያስተነፍሰው በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የተን ግፊት ልዩነት ነው።

በጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር 30 ዲግሪ ሆኖ በተን የተሞላ ነው ብንል፣ የተኑ ግፊት 4.2 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ውጭውን በሦስት ምሳሌ እንይ።

በክረምት ቀን፣ 18 ዲግሪና 90 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት፦ የውጭው 1.9፣ ልዩነቱ 2.3 ኪሎ ፓስካል።

በበጋ ቀትር፣ 24 ዲግሪና 30 በመቶ፦ የውጭው 0.9፣ ልዩነቱ 3.3 ኪሎ ፓስካል።

በቆላ፣ ለምሳሌ በጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር፣ 30 ዲግሪና 80 በመቶ ቢሆን፦ የውጭው 3.4፣ ልዩነቱ 0.8 ኪሎ ፓስካል ብቻ።

በአቃቂ ክረምት የተመሰከረለት ጃኬት በባሮ ዳር ሲለበስ የማስተንፈስ ኃይሉ ወደ ሲሶ ይወርዳል ማለት ነው። በመለያው ላይ «10,000 ግራም በካሬ ሜትር በ24 ሰዓት» የሚለው ቁጥርም የተለካው በተወሰነ የላቦራቶሪ ሁኔታ ስለሆነ፣ ሁለት ጃኬቶችን ለማነጻጸር እንጂ በሐይቅ ዳር የሚሆነውን ለመተንበይ አያገለግልም። ከዚህም ሌላ የውጭው ጨርቅ ውኃ ጠጥቶ ከራሰ በገለፈቱ ላይ የውኃ ሽፋን ይፈጠራል፤ ተኑ መውጫ ያጣል፤ ባለቤቱም ጃኬቱ ያፈሰሰ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ያረጠበው ግን የራሱ ላብ ነው።

የአባቶች መፍትሔ

ጥያቄው ለአገራችን አዲስ አይደለም። እረኛ የሚደርበው ገሳ ከሣር ተጎንጉኖ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ ጠብታው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ከሥር ክፍት ስለሆነም የሰውነቱ ተን በነፋስ ይወጣል። በርኖስም ከበግ ጠጉር የተሠራ ነው። የበግ ጠጉር ከደረቅ ክብደቱ ሲሶ የሚያህል ተን በውስጡ አምቆ ሲነካ ርጥብ አይመስልም። ጥጥ ግን ውኃውን በክሮቹ መካከል ይዞ በቆዳ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ከማንኛውም ጃኬት ሥር የጥጥ ካናቴራ መልበስ የጃኬቱን ጥቅም ማጉደል ነው።

በየወቅቱ የሚበጀው

ክረምት (ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25)፦ ገለፈት ያለው፣ ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ የታሸገ፣ ባለ ቆብና ወገብን የሚያልፍ ጃኬት ይመረጣል። የውኃ መቋቋሚያው 10,000 ሚ.ሜ. ቢሆን ይበቃል። እጅጌው በአንጓ ላይ የሚጠብቅ ካልሆነ፣ መረብ ሲነሣ ውኃው በክንድ ወደ ብብት ይወርዳል።

መፀው (ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25)፦ ዝናቡ ያባራል፤ የኅዳር ንጋት ግን ውርጭ አለው። የጃኬቱ ውስጠኛ ገጽ ስለሚቀዘቅዝ ተኑ ከመውጣቱ በፊት ወደ ውኃነት ይለወጣል። እዚህ የሚጠቅመው ከሥር የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስን የሚያግድ ስስ ጃኬት ነው፤ ለከባድ ገለፈት ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

በጋ (ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25)፦ አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስና ባለ ክፈፍ ባርኔጣ ይበልጣል።

ፀደይ (ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25)፦ ሙቀትና ድንገተኛ ዝናብ ይፈራረቃሉ። ታጥፎ በቦርሳ የሚያዝ፣ በብብት ሥር ዚፕ ያለው ጃኬት ይመረጣል፤ በዚፑ የሚገባው ነፋስ ከየትኛውም ገለፈት ይልቅ ተኑን ጠርጎ ያወጣል። አቅም ካልፈቀደ ከሥር ሰፊ የሆነ የላስቲክ ካባም በገሳው ሥርዐት ይሠራል።

ሳሙናና የአቃቂ ውኃ

ሳሙና የውኃን የገጽታ ውጥረት ከ72 ወደ 30 ሚሊኒውተን በሜትር አካባቢ ሊያወርደው ይችላል። በቀመራችን መሠረት ገለፈቱ የሚቋቋመው ግፊት ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ የንክኪው ማዕዘንም አብሮ ስለሚጠብ ጉዳቱ ይብሳል። ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ በታች ከሆነ ቀዳዳው ውኃውን መመለሱ ቀርቶ ይስበዋል። በመሆኑም ጃኬት በጥቂት ሳሙና ታጥቦ ደጋግሞ መለቅለቅ አለበት። የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ በሚቀላቀልበት ውኃ ላይ የሚሠራ ሰውም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ጃኬቱን በንጹሕ ውኃ ሊያለቀልቀው ይገባል፤ ይህ ለልብሱም ለጤናውም ነው። ከዚሁ ጋር፣ በብዙ ውኃ አባራሪ ቅባቶች ውስጥ የነበሩት የፍሎሪን ውሑዶች በተፈጥሮ ለመፍረስ እጅግ አዳጋች በመሆናቸው አምራቾች እየተዉአቸው ነው። ሸክም ለበዛበት ወንዝ ሌላ ሸክም እንዳንጨምር፣ ምርጫ ካለ ፍሎሪን የሌለበትን እንምረጥ።

በሁለት ብርጭቆ የሚደረግ ሙከራ

ከሰልባጅ ገበያ የሚገዛ ጃኬት አብዛኛውን ጊዜ መለያው የጠፋ ነው። ስለዚህ በሚከተለው መንገድ መመርመር ይቻላል።

1. በውጭው ገጽ ላይ ውኃ ማንጠባጠብ። ጠብታው ተድቦልቡሎ ከተንከባለለ ቅባቱ አለ፤ ከተዘረጋ አልቋል።

2. ጃኬቱን ገልብጦ ስፌቱን ማየት። ቴፕ ከሌለው የመርፌው ቀዳዳዎች ያፈሳሉ።

3. ሙቅ ውኃ በብርጭቆ ግማሽ ድረስ ቀድቶ፣ አፉን በጃኬቱ ጨርቅ ወጥሮ መሸፈን፤ ውስጠኛው ገጽ ወደ ውኃው ይሁን። ከላዩ ቀዝቃዛና ደረቅ ብርጭቆ መድፋት። በጥቂት ደቂቃ የላይኛው ብርጭቆ በጉም ከተሸፈነ ጨርቁ ተን ያሳልፋል። ለማነጻጸር ሙከራውን በላስቲክ ከረጢት መድገም ያስፈልጋል።

4. ጨርቁን እንደ ከረጢት አጉድጉዶ ውኃ ማቆር። ሦስተኛውን ፈተና ያለፈ ወንፊት የመሰለ ጨርቅ በዚህኛው ይወድቃል። ሁለቱንም ያለፈ ጨርቅ ገለፈቱ ደኅና ሊሆን ይችላል።

ሚዛን ያለው የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ደግሞ፣ በጨርቅ የተሸፈነውን ብርጭቆ በየሰዓቱ በመመዘን የሾለከውን ተን በግራም ሊያገኝ ይችላል። ያንን በብርጭቆው አፍ ስፋት ማካፈል፣ በሐምሌና በጥር ደግሞ ሙከራውን መድገም ነው። የሁለቱ ወራት ውጤት ሲለያይ ተማሪው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የሚታመን ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል፤ ገዢም ዋጋውን ከመክፈሉ በፊት ልብሱን በየትኛው ወር፣ በየትኛው ውኃ ዳር እንደሚለብሰው ለይቶ ያውቃል።