የድሮ የሆሊውድ ፊልሞችን ከካርቱም ሆነን ስናይ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መብራት ካልጠፋ በብዙዎቻችን ቤት ቴሌቪዥኑ እንደ ተከፈተ ያመሻል። አባት ዜና ይፈልጋል፣ እናት ቡና እያፈላች ድራማዋን ትከታተላለች፣ ልጆች ሪሞቱን ይዘው ከጣቢያ ጣቢያ ይዘላሉ። በዚህ መካከል ጥቁርና ነጭ ፊልም ብቅ ካለ «ይሄ የድሮ ነው» ተብሎ ወዲያው ይታለፋል። እኛ የታሪክና የአማርኛ መምህራን ያንን ፊልም አንድ ጊዜ ሳትቀይሩ እንድታዩት ልንጠይቃችሁ ነው። ዝነኛ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ፊልሞች ጥቂቶቹ ስለ ኢትዮጵያና ስለምንኖርባት ስለ ሱዳን የሚሉት ነገር አላቸው። አንዳንዱ የሚለው እውነት ነው፣ አንዳንዱ ግማሹን ብቻ ይናገራል፣ አንዳንዱም ከነጭራሹ ያልተደረገ ነገር ያሳያል። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ደግሞ የክፍል ሥራችን ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልን በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ«ካዛብላንካ» እንጀምር። ፊልሙ የወጣው በ1942 ሲሆን ያዘጋጀው ማይክል ከርቲዝ ነው፤ ዋናዎቹ ተዋንያን ሃምፍሪ ቦጋርትና ኢንግሪድ በርግማን ናቸው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሞሮኮ የወደብ ከተማ በካዛብላንካ ነው፤ የተቀረጸው ግን እዚያ ሳይሆን በካሊፎርኒያ፣ በአብዛኛው በዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሪክ የተባለ አሜሪካዊ የምሽት ክበብ ከፍቶ ይኖራል። ስለ ማንም ግድ የለኝም ባይ ነው። የከተማው የፖሊስ አዛዥ ሬኖ ግን የኋላ ታሪኩን ስለሚያውቅ አያምነውም። በ1935 ለኢትዮጵያ በድብቅ የጦር መሣሪያ እንዳስገባ፣ በ1936 ደግሞ በስፔን ከሪፐብሊካኖቹ ጎን ተሰልፎ እንደ ተዋጋ ያስታውሰዋል። ሪክ ለሁለቱም በደንብ ተከፍሎኛል ብሎ ሊሸሽ ይሞክራል፤ ሬኖም ያሸነፉት ቢሆኑ ኖሮ የበለጠ ይከፍሉህ ነበር ይለዋል። በኋላ ሌላ ሰው ይህንኑ ያነሣበታል።

በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው ባየው ፊልም ውስጥ የኢትዮጵያ ስም የሚጠራው በዚህ መንገድ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ትዕይንት ስናሳይ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ «ለምን በድብቅ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በነሐሴ ወር 1935 የገለልተኝነት ሕግ አወጣ። ኢጣሊያ በጥቅምት 3 ቀን ስትወርረን ሕጉ ለሁለቱም ተዋጊዎች መሣሪያ መሸጥን ከለከለ። «ለሁለቱም» የሚለው ቃል ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ኢጣሊያ የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካዎች ነበሯት፤ ኢትዮጵያ ጠመንጃና ጥይት የምታገኘው ከውጭ ገዝታ ነበር። ስለዚህ ክልከላው የጎዳው አንዱን ወገን ነው። የፊልሙ ደራሲዎች ሪክ ከውስጡ ደግ ሰው መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሲፈልጉ የመረጡት የእኛን ጦርነት ነው፤ በ1942 ተመልካቹ ነገሩ ወዲያው ይገባው ነበርና። የዛሬ ልጆቻችን ግን ካልነገርናቸው አይገባቸውም።

ሪክ ልብ ወለድ ነው። ወደ ኢትዮጵያ በድብቅ የሄደው እውነተኛው ጠመንጃ ግን በዚህ አገር በኩል አልፏል። ኢጣሊያ በሰኔ 1940 ጦርነት ካወጀች በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ካርቱም መጥተው ወራት ተቀመጡ። በነሐሴ ወር በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው «ሚሽን 101» የተባለው ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም አርበኞች ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። «ካዛብላንካ» በሲኒማ ቤት ሲታይ ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች አንድ ዓመት ተኩል አልፏል። በካርቱም ጎዳና የምንመላለስ እኛ ይህን ከፊልሙ ጎን ለጎን ማወቅ አለብን።

ስለዚህ ፊልም አንድ ነገር እንጨምር፣ ለወላጆች ጭምር። «ካዛብላንካ» ላይ ላዩን የፍቅር ታሪክ ነው። ነገር ግን በሪክ ክበብ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ ጉዳይ ነው፦ ስለ መውጫ ቪዛ። ከናዚ የሸሹ ሰዎች ወደ ሊዝበን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ለመሻገር ወረቀት ይጠብቃሉ። አንዱ ጌጡን ይሸጣል፣ አንዱ ደላላ ያምናል፣ አንዷ ወጣት ሙሽራ ለባሏ ስትል የማይገባ ነገር ልትጠየቅ ነው። በፊልሙ ከሠሩት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ስደተኞች ነበሩ። ክፉውን የጀርመን መኮንን የሚጫወተው ኮንራድ ፋይት ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የወጣ ጀርመናዊ ነው። ፈረንሳዮች መዝሙራቸውን ተነሥተው ሲዘምሩ የሚታየው እንባ እውነተኛ ይመስላል ብትሉ አትሳሳቱም።

ከእናንተ መካከል ፎርም ሞልቶ፣ ቃለ መጠይቅ ሰጥቶ፣ ስልክ እስኪደወል ዓመታት የጠበቀ ቤተሰብ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ይህን ለማሳየት ስንዘጋጅ «ልጆቹን እናሳዝናለን ይሆን?» ብለን ተከራክረን ነበር። አሳየን። አንድ ልጅ «እንደ እኛ ናቸው፣ ግን ኮት ለብሰዋል» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የነበረው ውይይት በዓመቱ ውስጥ ካደረግናቸው ሁሉ ረጅሙ ነበር። ዋናው ክርክር በሪክ እጅ የገቡት ሁለት የይለፍ ወረቀቶች ለማን ይገባሉ የሚለው ነበር። መልሱን እዚህ አንጽፈውም፤ ፊልሙን ያላያችሁ አላችሁ። ክፍሉ ግን ለሁለት ተከፍሎ ነው የወጣው።

«ዐሥርቱ ትእዛዛት»ን ያላየ ቤት ያለ አይመስለንም። በፋሲካ ሰሞን በካሴት፣ በሲዲ፣ በዲሽ ስናየው ኖረናል። ሴሲል ዴሚል በ1956 ያወጣው ሲሆን ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ሙሴ ገና ከግብፅ አልወጣም። ልጆች ሁልጊዜ ስለሚጠይቁት ስለ ቀይ ባሕር መከፈል እንናገርና እንለፍ፦ በስቱዲዮ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ብዙ ውኃ በኃይል ለቀው ቀረጹት፣ ከዚያም ፊልሙን ወደ ኋላ አጫወቱት። ውኃው ሲወርድ የነበረው ሲነሣ ታየ ማለት ነው።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ከመጀመሪያው ክፍል ያለ አጭር ትዕይንት ነው። ወጣቱ ሙሴ ከዘመቻ ተመልሶ የኢትዮጵያን ንጉሥና የንጉሡን እኅት ጣርቢስን ወደ ፈርዖን አደባባይ ያመጣል፤ እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ወዳጅ። ይህ በኦሪት ዘጸአት አይገኝም። ምንጩ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቭዮስ ዮሴፍ ነው፤ በእርሱ ዘንድ ጣርቢስ የንጉሡ ልጅ ናት፣ ሙሴም ያገባታል። ሙሴ ኢትዮጵያዊት ማግባቱን ግን ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ላይ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ይህች «ኢትዮጵያ» የት ናት? ግሪኮች በዚህ ስም ይጠሩት የነበረው በተለይ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የኩሽ አገር ነው። ዮሴፍ ሙሴ የከበባትን ከተማ በኋላ መርዌ የተባለችው ናት ይላል። መርዌ ደግሞ ከካርቱም በስተ ሰሜን፣ ከሸንዲ አለፍ ብሎ፣ ባለፈው ዓመት አንዳንዶቻችሁ በአውቶቡስ ሄዳችሁ ፒራሚዶቹ ሥር ፎቶ የተነሣችሁበት ቦታ ነው። ዓረብኛውን የግርጌ ጽሑፍ ለእናቶቻችሁ ስትተረጉሙ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ተርጓሚው «ሐበሻ» ብሎ ቢጽፍ አንድ ትርጉም ነው፣ «ኩሽ» ብሎ ቢጽፍ ሌላ ነው። ከሱዳናውያን ጓደኞቻችሁ ጋር «የእኛ ነው፣ የእናንተ ነው» ብሎ መጣላት አያስፈልግም፤ ስሙ ወደ እኛ መጥቷል፣ ፍርስራሹ እነርሱ ዘንድ ነው። የንጉሡን ቦታ የተጫወተው ዉዲ ስትሮድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ይኸው ሰው በ1960 በወጣው «ስፓርታከስ» ውስጥ ድራባ የተባለ ኢትዮጵያዊ ግላዲያተር ሆኖ ይሠራል። ስፓርታከስን አሸንፎ ሳለ አልገድለውም ብሎ ጦሩን በሮማውያን ጌቶች ላይ ይወረውራል። የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከፊልሙ ሁሉ የምናስታውሰው ግን እርሱን ነው።

ሙሴን የተጫወተው ቻርልተን ሄስተን ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ጄኔራል ጎርደን ሆኖ ተመለሰ። ፊልሙ «ካርቱም» ይባላል። በስሙ ተታልላችሁ ሰፈራችሁን እንዳትፈልጉበት፤ የተቀረጸው በግብፅ ነው። (በሱዳን ምድር የተቀረጸው ከዚያ በፊት በ1939 የወጣው «አራቱ ላባዎች» የተባለው የእንግሊዝ ፊልም ነው። ለበረሃው ሲባል ይታያል፤ ታሪኩን ግን እንግሊዞች ስለ ራሳቸው የሚነግሩት ነው።)

«ካርቱም» ጥሩ ፊልም ነው፣ ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ። መጀመሪያ፣ ጎርደንና ማህዲ ፊት ለፊት ተገናኝተው ሲነጋገሩ ታያላችሁ። በሕይወታቸው አልተገናኙም፤ የተጻጻፉት ደብዳቤ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ማህዲን የሚጫወተው እንግሊዛዊው ሎሬንስ ኦሊቪየ ነው፣ ፊቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ። በዚያ ዘመን እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ግን ለማየት ይከብዳል። ጎረቤቶቻችን ማህዲን አገራቸውን ከቱርክና ከግብፅ አገዛዝ ነፃ ያወጣ መሪ አድርገው ነው የሚያከብሩት። መቃብሩ በኦምዱርማን አለ። ከሱዳናዊ ጓደኛ ጋር ፊልሙን የምታዩ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ሦስተኛው የእኛው ነው። ከተማዋ ከመጋቢት 1884 እስከ ጥር 26 ቀን 1885 ድረስ ተከበበች፣ ጎርደን ተገደለ፣ የእንግሊዝ ጦር ሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ፊልሙ ይህን ይነግረናል። የማይነግረን፣ በዚያው ጊዜ በምሥራቅ በኩል ምን ይደረግ እንደ ነበር ነው። ጎርደን በ1879 ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን አነጋግሮ ሳይስማሙ ተለያይተዋል። ካርቱም በተከበበች ጊዜ፣ በሰኔ 3 ቀን 1884፣ እንግሊዛዊው አድሚራል ሂዌት ዓድዋ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ውል ፈረመ። ዮሐንስ በማህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ይረዳሉ፤ በምላሹ ቦጎስ ይመለስላቸዋል፣ በምፅዋ በኩልም ዕቃ በነፃ ያልፋል። ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። ጎርደን በሞተ በዐሥረኛው ቀን፣ የካቲት 5 ቀን 1885፣ ኢጣሊያ በእንግሊዝ ይሁንታ ምፅዋን ያዘች።

ውሉ ያተረፈልን አዲስ ጠላት ነበር። በዚያው ዓመት ራስ አሉላ በኩፊት ከማህዲስቶች ጋር ተዋጉ። በ1888 ጎንደር ተቃጠለች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዮሐንስ በመተማ ቆሰሉና ሞቱ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። (ይህ የሆነው በኸሊፋ አብዱላሂ ዘመን ነው። ማህዲ ራሱ በሰኔ 1885 ሞቷል፤ በየፈተናው ወረቀት ላይ «ዮሐንስን የገደለው ማህዲ» የሚል መልስ ማረም ሰልችቶናል።) ፊልሙ ስለ ካርቱም መውደቅ ከሁለት ሰዓት በላይ ይናገራል፤ ለዚሁ ጉዳይ ሲል ንጉሣችን የገባበትን ውል ግን ተመልካቹ አያውቀውም። ስለ እኛ የተሠራ ፊልም አይደለምና አንፈርድበትም። ኦምዱርማን ያለውን የኸሊፋ ቤት ሙዚየም ስትጎበኙ ግን የፊልሙን ብቻ ይዛችሁ አትግቡ።

ለታናናሾቹ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የምንመክረው አንድ ብቻ ነው፤ የቻርሊ ቻፕሊን «ዘመናዊ ጊዜ»፣ 1936። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አያትም፣ ሕፃንም፣ ዓረብኛ ያልለመደ አዲስ መጪም እኩል ይስቁበታል። መጨረሻው ላይ ቻፕሊን ይዘፍናል። ግጥሙ ጠፍቶበት ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየደረደረ ነው የሚዘፍነው፤ ነገር ግን በእጁና በዓይኑ ታሪኩ ሁሉ ይገባል። አዲስ አገር ገብቶ በገበያ በምልክት ሽንኩርት የገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

የክረምት ሥራችሁ ይኸው ነው። ከ6ኛ ክፍል በላይ ያላችሁ፣ ከነዚህ ፊልሞች አንዱን ከቤተሰብ አንድ ታላቅ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ እዩ። ስታዩ የግርጌውን ጽሑፍ በአማርኛ ጮክ ብላችሁ ተርጉሙላቸው፤ ያቃታችሁን ቃል በደብተር ያዙ። ሲያልቅ ያ ሰው ምን አስታወሰኝ እንዳለ ጠይቁና እንዳለው ጻፉ፣ አታሳምሩት። ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ለክፍል ኃላፊዎቻችሁ ታስረክባላችሁ፤ ዲሽ የሌላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ኑ፣ አብረን እናያለን።