ያልታወጀ ሞት፥ የተሸሸገ ሐዘን
(እቴጌ ጣይቱ ከዐፄ ምኒልክ ዕረፍት በኋላ)

በመካነ ኢየሱስም ሆነ በስማዳና በጋይንት ባልዋ የሞተባት ሴት ብቻዋን አታለቅስም። ለቅሶ ደራሹ ከየጎጡ ይመጣል፤ አልቃሽ የሟቹን ሙያ እየቈጠረች ሙሾ ታወርዳለች፤ ሚስቲቱም የባልዋ ስም በአደባባይ ሲነሣ ትሰማለች። ሰልስቱ፥ አርባውና ተዝካሩ በተራቸው ይከተላሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ለአንዲት እቴጌ ተከልክሎ እንደ ነበር ስንቶቻችን እናውቃለን?

እቴጌ ጣይቱ ብጡል ምኒልክን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. ነው። ከእርሳቸው ጋር ዐድዋ ዘምተዋል፤ ለአዲስ አበባ ስሟን ያወጡላትም እርሳቸው ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም በደከሙ ጊዜ እቴጌይቱ በባላቸው ስም ይሾሙና ይሽሩ ጀመር። ዘመዶቻቸውን ከፍ ከፍ ማድረጋቸው አይካድም፤ ስለዚህም ብዙዎች ሥልጣን ወዳድ ይሏቸዋል። እኛ ግን፥ አልጋ ላይ የወደቀ ባልን ክብር መጠበቅና የራስን ሥፍራ መጠበቅ በአንድ ልብ ውስጥ ተቀላቅለው ሊኖሩ እንደሚችሉ እናምናለን። የኑዛዜ ቃል ለመስማት ወደ ምእመናን ቤት የገባ ካህን ይህን ያውቃል። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው፤ የቀረላቸው ባላቸውን ማስታመም ነበር።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በልጅ ኢያሱ ዘመን የነበረው ቤተ መንግሥት ግን ሞቱን ለሕዝብ አላወጀም። የዐድዋው ንጉሥ ያለ አደባባይ ልቅሶ ቀሩ። እቴጌይቱም ወደ እንጦጦ ማርያም እንዲወጡ ተደረገ። እንጦጦ ማርያም በ1882 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። መበለቲቱ በየማለዳው ያቺን ደጅ ሲሳለሙ ምን ያስቡ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

በመጽሐፈ ዮዲት ምዕራፍ 8 ላይ ባልዋ ምናሴ በገብስ አጨዳ ወራት የሞተባትን ሴት እናገኛለን። ሦስት ዓመት ከአራት ወር በቤቷ ሰገነት ላይ ማቅ ለብሳ ተቀመጠች፤ የከለከላትም የለም። ሕዝቧን ለማዳን የተነሣችው ከዚህ ሐዘን በኋላ ነው፤ በመጨረሻም በባልዋ መቃብር ተቀበረች። መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ይህን ክፍል ሲያስተምሩ ሰይፉን ብቻ ሳይሆን ማቁንም ቢያሳዩ መልካም ነው። ስመ ጥር ባል የሞተባትን ሴት ስለ ርስቱና ስለ መታሰቢያው ከመጠየቅ አስቀድሞ አጠገቧ ተቀምጦ ዝም ማለት ይገባልና።

ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከተሻሩ በኋላ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ በየካቲት 4 ቀን ዘውድ ጫኑ። ጣይቱ ወደ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዕድሜያቸውን በዚያ ለመጨረስ ቢለምኑም አልተፈቀደላቸውም። ደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን የገዙት ራስ ጉግሣ ወሌ የወንድማቸው ልጅ መሆናቸውን ስናስብ፥ መኳንንቱ የፈሩት ልቅሶዋን ሳይሆን ዘመዶችዋን ይመስለናል። ልክ በዓመቱ፥ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

የምኒልክን መታሰቢያ በድንጋይ ያቆሙት ልጃቸው ዘውዲቱ ናቸው። በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን፥ ከወለሉ በታች ባለው መቃብር ቤት፥ ዛሬ ምኒልክ፥ ጣይቱና ዘውዲቱ በአንድነት ዐርፈዋል።