አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና፤ ማሳደስ ይሻላል ወይስ መለወጥ?

አንድ ልብስ ሰፊ የቆመ መኪናውን ይዞ ወደ ሱቅ ሲመጣ፣ ባለ ሱቁ የሚሰጠው ምክር የሁለቱንም ጥቅም የሚነካ ነው። «አዲስ ይግዙ» ብሎ ቢሸጥለት የዕለቱን ትርፍ ያገኛል፤ ነገር ግን ሰውየው ደህና መኪና ያለ ምክንያት እንደ ጣለ ኋላ ቢረዳ፣ ክርና መርፌ ለመግዛት እንኳ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ የቆመ መኪና ሁሉ ያለቀ አለመሆኑ ነው። ከብረት የተሠሩ የቀድሞ መኪናዎች ለብዙ ጊዜ ሳይሠሩ ሲቀመጡ ዘይታቸው ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛቸዋል። መንኮራኩሩን በጉልበት ማዞር አይገባም፤ በየዘይት ቀዳዳው ጥቂት ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጎ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር፣ ከዚያም ጠርጎ የስፌት መኪና ዘይት መስጠት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። (የምግብ ዘይት የሚያደርጉ አሉ፤ ይህ ያንኑ ብልሽት መልሶ መጥራት ነው።) መርፌውን የሚይዘው ዘንግ ሲነቀነቅ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ፣ ወይም የብረት አካሉ ከተሰነጠቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለው ብረት ብየዳን በቀላሉ አይቀበልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የመለዋወጫ ጥያቄ ነው። በስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረው የሲንጀር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ቢዘጋም፣ ሲንጀር 15 የተባለው ዓይነት በጃፓንና በቻይና ፋብሪካዎች በብዛት ስለ ተቀዳ ዕቃው ዛሬም ይገኛል። ሲንጀር 12 ግን የራሱ የሆነ መርፌ ያሻዋል፤ ያም በቀላሉ አይገኝም። አስመጪዎችም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የ15ና የ66 የታችኛው ክር መጠቅለያዎች ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ሆኖም የ15ቱ ጎን ጠፍጣፋ፣ የ66ቱ ጎበጥ ያለ ስለሆነ አንዱ በሌላው ምትክ አይገባም። ሳይለይ ያዘዘ ነጋዴ ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ይቀርበታል።

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጡትም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሞተራቸው ለ110 ቮልት የተሠራ ሲሆን የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩት ይቃጠላል።

ስለ ሒሳቡ ብዙዎች የሚያነጻጽሩት የጥገናውን ዋጋና የአዲሱን ዋጋ ብቻ ነው። የጠፋው የሥራ ቀን ግን ይረሳል። ለምሳሌ ያህል የአዲሱን ዋጋ 100፣ የጥገናውን 30 እንበል። መለዋወጫው እስኪመጣ ልብስ ሰፊው 10 ቀን ቢቆምና በቀን 5 ቢያጣ፣ እውነተኛው ወጪ 80 ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ አዲሱን መግዛት አያስወቅስም። ዕቃው በሱቁ ተገኝቶ በአንድ ቀን ቢታደስ ግን ወጪው 35 ብቻ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የብልሽቱ ክብደት ሳይሆን ዕቃው በመደርደሪያ ላይ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ቀኑን ሙሉ ዩኒፎርም ለሚሰፋ ድርጅት የቤት መኪና ማሳደስ አይመከርም፤ የቤቱ በደቂቃ 1000 ያህል ስፌት ሲሰፋ የፋብሪካው እስከ 5000 ይደርሳል። በዚያም ቢሆን በእግር የሚረገጠውን አሮጌ መኪና መሸጥ አይገባም፤ መብራት በጠፋ ቀን ሥራውን የሚቀጥለው እርሱ ነው።