ገብስን ከውርጭ መከላከል

በደጋው አገራችን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ባለ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ስለምትለቅ ውርጭ ይወርዳል። የአንድ ሌሊት ውርጭ የቤተሰብን የዓመት ቀለብ ሊያሳጣ ይችላል። ውርጭ የመታውን ዛላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ስለሆነም መከላከያው ከመዝራት በፊት የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ጉዳቱ የሚከፋው መቼ ነው?

ገብስ ቡቃያ ሳለ ቅጠሉ ቢቃጠልም የማደጊያው እምብርት ከአፈር በታች ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ያገግማል። ዛላ ሲያወጣና ሲያብብ ከተመታ ግን ዛላው ነጥቶ ባዶውን ይቀራል። ፍሬው ወተት ሳለ ከተመታ ይጨማደዳል።

ምን መደረግ አለበት?

ሀ/ የመዝሪያውን ቀን ከውርጩ ወቅት ወደ ኋላ ቆጥሮ መወሰን። ለምሳሌ በ80 ቀን ዛላ የሚያወጣ ገብስ ሰኔ 20 ቢዘራ መስከረም 5 ዛላ ያወጣል። ሐምሌ 15 ቢዘራ ግን መስከረም 30 ስለሚሆን ፍሬው ሳይጠነክር ውርጩ ይደርስበታል።

ለ/ ማሳ መምረጥ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወርዶ በጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። ገብሱን በተዳፋቱ ላይ መዝራት፣ ጎድጓዳውን ለሣር መተው ይሻላል።

ሐ/ ዝናቡ ዘግይቶ መዝሪያው ካለፈ ቶሎ የሚደርስ ዘር መጠቀም።

መ/ ዩሪያን ከመጠን በላይ ወይም አዘግይቶ አለመጨመር፤ ሰብሉን ቢያለመልምም መድረሻውን ያዘገያል።

ሠ/ መስኖ ካለ ውርጭ በሚያሰጋበት ቀን ማሳውን ቀለል አድርጎ ማጠጣት። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዛል። ጭስ ማጨስ ግን ሙቀቱን ስለማያግድ እምነት አይጣልበትም።

ውርጭ ከመታ በኋላ

ወዲያው አይታረስ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በማሳው ልዩ ልዩ ቦታ ግንዱን ሰንጥቆ ማየት ያስፈልጋል። እምብርቱ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሰብሉ ይተርፋል፤ ቡናማ ሆኖ ከላሸቀ ሞቷል። ዛላው በብዛት ባዶ ከሆነ ሳይደርቅ አጭዶ ለከብት መኖ ማዋል ይጠቅማል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

የመጀመሪያው ውርጭ የወረደበትን ቀንና የተመቱትን ማሳዎች በየዓመቱ በመዝገብ እንድትይዙ፣ ቶሎ የሚደርስ ዘርም በመጠባበቂያነት እንድታስቀምጡ እንመክራለን። የልማት ሠራተኛውም ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ውርጭ የሚተኛባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ ቢለይ፣ የሚመጣው ዓመት የመዝሪያ ዕቅድ ከግምት ይወጣል።