«ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» ይቅርታ አይደለም

ዛሬ ስለ ይቅርታ አጠያየቅ እናውራ። «ዶክተር፣ ይህን ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ፣ እመጣበታለሁ።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ሰፈራችን ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ታላቅ እህቴ ገላን ጉራ ቤት ደረሳት። ዕቃ በሚጫንበት ቀን እመጣለሁ ብያት ቀረሁ። ተረኛ ነበርኩ፤ ግን ቀድሜ መደወል እችል ነበር። የእናታችንን ቁም ሣጥን ከሰፈር ልጆች ጋር ተሸክማ ጫነችው። ማታ በቴሌግራም «እታለም፣ ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» ብዬ ላኩላት። ማንበቧን አየሁ። መልስ የለም። ከዚያ በኋላ ስደውል «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ።

በድሮው ሰፈር ቢሆን እንዲህ አንከርምም። ቡና ላይ አንዷ ጎረቤት «እናንተ ደግሞ ምን ነካችሁ?» ብላ ታስታርቀን ነበር። ነገሩ ከከፋ ሽማግሌ ይገባል፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፣ ጉልበት ይስማል። አሁን አስታራቂዎቻችን ተበታትነው የቀረን ስልካችን ነው።

ወደ ጤናው ልመለስ። ስንናደድ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። ቂም ደግሞ ያንኑ በደል ደጋግሞ ያሳስበናል። በ2001 እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ በ71 ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት አለ። የበደላቸውን ሰው በቂም ሲያስቡ የልብ ምታቸውና ግፊታቸው ይቅር ሲሉት ካሰቡበት ጊዜ ይበልጥ ጨምሯል። (ታርቄያለሁ ብሎ የግፊት መድኃኒት ማቆም ግን የለም፣ እሺ?)

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሮን ላዛር በ2004 እ.ኤ.አ ስለ ይቅርታ በጻፉት መጽሐፍ ቀድሞ የሚመጣው ጥፋትን ማመን ነው ይላሉ። የኔ መልእክት የወደቀው እዚህ ነው። «ካስቀየምኩሽ» ስል ጥፋቴን ጥርጣሬ ውስጥ ከተትኩት፤ እንዲያውም ቶሎ የምትቀየመው እሷ ናት እንደማለት ነው። «ይቅርታ፣ ግን…» የምንለውም ያው ነው።

አንድ እሑድ ሄድኩ። «እታለም፣ እመጣለሁ ብዬሽ ቀረሁ። መደወል እየቻልኩ አልደወልኩም። የእማዬን ቁም ሣጥን አሸከምኩሽ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» አልኳት።

ዝም አለች። ስለ ተረኝነቴ ላስረዳ ብዬ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እዚህ ጋ ብዙዎቻችን «በቃ ይቅር ብዬሃለሁ በይኛ!» ብለን እንጫናለን። ተበዳይ ጊዜ ይፈልጋል፤ ላለመታረቅም መብት አለው። በተለይ የሚደበድብ ሰው ይቅርታ ጠየቀ ተብሎ ማንም ወደ እሱ እንዲመለስ አይገፋ።

በመጨረሻ «አንዱ በሩ ተገንጥሏል እኮ» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አናጺ ይዤ ተመለስኩ። ቡና አቅርባ ጠበቀችን።