በሰሊጥ ማሳ ዙሪያ የእሳት መከላከያ ስትተዉ የሚዘራውን ስፋት አስሉ

በመተማና በቋራ ቆላ ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ቶሎ ይደርቃል። ታጭዶ እንዲደርቅ በሂላ (በነዶ ክምር) የቆመ ሰሊጥ ደግሞ እሳት ከደረሰበት አይተርፍም። ስለዚህ ማሳችሁን ስታርሱ ዙሪያውን የማይዘራ መስመር ተዉ፤ አጨዳ ሳይጀመር ሣሩን ጠራርጉት። ከማሳ የሚነሳ እሳት የዕጣን ዛፍ ቡቃያንም ይፈጃልና ጥቅሙ ለጫካውም ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሂሳቡ ላይ ነው። ርዝመቱ 200፣ ጎኑ 100 ሜትር የሆነ መሬት 2 ሄክታር ነው። 5 ሜትር መስመር ስትተዉ ከርዝመቱም ከጎኑም 5 ብቻ መቀነስ ስህተት ነው፤ መስመሩ በሁለቱም ጫፍ ስላለ 10፣ 10 ይቀነሳል። 190 በ90 ሲባዛ 17,100 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 1.71 ሄክታር ይሆናል።

የመስመሩን ወርድ «ወ» ብንለው የሚዘራው ስፋት (200 − 2ወ) × (100 − 2ወ) ነው። በወ ምትክ 3 አስገቡ፣ 18,236 ይመጣል፤ 10 ብታስገቡ 14,400። ዙሪያውን 600 ሜትር ለክታችሁ በ5 ብታባዙ 3,000 ታገኛላችሁ፤ አራቱ ማዕዘኖች ሁለት ጊዜ ስለተቆጠሩ ግን ትክክለኛው የመስመሩ ስፋት 2,900 ነው።

ልዩነቱ ገንዘብ ነው። በሄክታር 100 ኪሎ ማዳበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ 200 ሳይሆን 171 ኪሎ ይበቃችኋል። ከሳሉጎች (ከወቅታዊ የእርሻ ሠራተኞች) ጋር አረምና አጨዳ በሄክታር ስትዋዋሉም ዋጋው በ1.71 ይሰላ፤ ባዶ መስመር አይታረምም፣ አይታጨድም። ሠራተኛውም እንዳይጎዳ ሜትሩን አብራችሁ ለኩ።

የመሬቱ ቅርጽም ዋጋ አለው። 400 በ50 ሜትር የሆነ ቀጭን መሬትም 2 ሄክታር ነው፤ ነገር ግን ያው 5 ሜትር መስመር 4,400 ካሬ ሜትር ይወስድበታል። ቀጭን መሬት ያላችሁ ከጎረቤት ጋር ብትስማሙ ይሻላል። 200 በ100 በሆነው መሬት እንኳ በአንዱ ረጅም ወሰን ላይ እናንተም ጎረቤታችሁም 2.5 ሜትር ብትተዉ የ5 ሜትሩ መስመር ይሞላል፤ የእናንተ እርሻ 190 በ92.5፣ ማለትም 17,575 ካሬ ሜትር ይሆናል። የጋራውን መስመር ማን መቼ እንደሚጠርግ ከመስከረም በፊት ተነጋገሩ።